ስለ ጨዋታ ቴሌቪዥንና ሞኒተር አመራረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአይ ሲ ቲ ክበብ ስም ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ ከክበባችን አንድ ሰው ተነሥቶ ጥቂት ቃል እንዲናገር በታዘዘ ጊዜ ዕጣው ለእኔ ደረሰኝ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ጤና አጠባበቅ አስረድተዋል። የእኔ ርእስ ግን ስለ ጨዋታ ቴሌቪዥን አመራረጥ ነው። ይህን ስል ከወላጆች መካከል «ልጆቻችንን ከጥናት የሚያስቀርብንን ነገር ደግሞ ሊያስተምሩን ነውን?» የሚል ማጉረምረም እንደሚነሣ አላጣሁትም። ነገር ግን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደ ተባለው፥ ነገሩን ከሥሩ እስካስረዳ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ጆሮአችሁን እንድታውሱኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ምክንያቴ ይህ ነው። ዛሬ በአገራችን ከተሞች የፕሌይስቴሽን ቤት የማይታይበት ሰፈር ጥቂት ነው። ይህን ቤት የሚከፍቱት በብዛት ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ናቸው። ታላቅ ወንድሜም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ እንዲህ ያለ ቤት ለመክፈት ባሰበ ጊዜ፥ አባታችን ከበሬዎቹ አንዱን ሸጠለት፤ የቀረውን ገንዘብ ተበደሩ። በዚያም ገንዘብ «ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው» የተባለላቸውን ባለ 55 ኢንች 4ኬ ቴሌቪዥን ገዙ። መጫወቻቸው ግን ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ነበር። ቤቱ በተከፈተ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ «ሥዕሉ ያምራል፥ ኳሱ ግን ይዘገያል» እያሉ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ጀመሩ። ስድስት ወር ሳይሞላ ቴሌቪዥኑ በኪሳራ ተሸጠ። ዕዳው ግን አልተሸጠምና እስከ ዛሬ ድረስ ከእህል ሽያጭ ይከፈላል።

እንግዲህ አባቶቻችን በሬ ሲገዙ እንዴት እንደሚገዙ እናውቃለን። አፉን ከፍተው ጥርሱን ይቈጥራሉ፤ ሻኛውን ይዳብሳሉ፤ ሰኰናውን ያያሉ፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬዱታል። በሻጩ ቃል ብቻ ገንዘቡን ፈትቶ የሚሰጥ ገበሬ የለም። እኛ ልጆቻቸው ግን የበሬውን ዋጋ ይዘን ሄደን፥ በካርቶን ላይ የተጻፈውን ቃል አምነን ተመለስን። ዛሬ የምናገረው የቴሌቪዥን ጥርስ እንዴት እንደሚቈጠር ለማስረዳት ነው።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። የዛሬው ቴሌቪዥን ሥዕሉን የሚሠራው እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ባለ ቀለም ነጥቦች ነው፤ እነዚህም ነጥቦች ፒክስል ይባላሉ። ይህን ለመረዳት እናቶቻችን የሚሰፉትን ሰፌድ ማሰብ ይበቃል። ስፌቱ ወፍራም የሆነ እንደ ሆነ በላዩ የተጣለው አበባ ጫፉ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ይሆናል። ስፌቱ ቀጭን የሆነ እንደ ሆነ ግን አበባው ክብና ልስልስ ሆኖ ይታያል። የቴሌቪዥንም ነገር እንደዚሁ ነው።

ፉል ኤች ዲ የሚባለው ወደ ጎን 1920፥ ወደ ታች 1080 ነጥብ አለው፤ ሁለቱ ሲባዙ 2,073,600 ይሆናል። 1440 የሚባለው 2560 በ1440 ሲሆን ድምሩ 3,686,400 ነው። 4ኬ የሚባለው ደግሞ 3840 በ2160 ሲሆን ድምሩ 8,294,400 ነው፤ ይኸውም የፉል ኤች ዲ አራት እጥፍ ነው። በብዙ ርካሽ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ላይ የሚገኘው ግን 1366 በ768 ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በካርቶኑ ላይ «4ኬ ይቀበላል» የሚል ጽሑፍ ማለት የ4ኬ ሥዕል ሲላክለት አሳንሶ ያሳያል ማለት ሊሆን ይችላል እንጂ፥ በገጹ ላይ 4ኬ ነጥብ አለው ማለት አይደለም። የተፈጥሮ ነጥቡ ስንት እንደ ሆነ ለማወቅ በጀርባው ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ጽፎ ከሠሪው ኩባንያ መግለጫ ላይ መመልከት ያስፈልጋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የተባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን። ነጥብ ሲበዛ ሁልጊዜ ይሻላልን? መልሱ፥ እንደምትቀመጡበት ርቀት ነው የሚል ነው። ቀጭኑንና ወፍራሙን ሰፌድ በግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ከጓሮ ሆናችሁ ብትመለከቱ ሁለቱ አንድ ይመስሏችኋል። ጤነኛ የሰው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ለማየት ችሎታው ወሰን አለው፤ ይህም ወሰን የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ እጅ ያህል ነው። ክበባችን በዚህ ሒሳብ ሠርቶ አንድ ቀላል ደንብ አግኝቷል። የፉል ኤች ዲ ቴሌቪዥን ኢንቹን በ4 ብታበዙት፥ ነጥቦቹ ለዓይን መታየት የሚያቆሙበትን ርቀት በሳንቲ ሜትር ታገኛላችሁ። 4ኬ ሲሆን ግን ኢንቹን በ2 ማብዛት ነው።

በምሳሌ እንየው። ባለ 43 ኢንች ፉል ኤች ዲ በ4 ሲባዛ 172 ይሆናል። ስለዚህ ከ1 ሜትር ከ72 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚቀመጥ ሰው 4ኬ ቢገዛም የነጥቡን ብዛት ዓይኑ አይለየውም። ባለ 55 ኢንች ሲሆን ርቀቱ 2 ሜትር ከ20 ነው። የወንድሜ ቤት አግዳሚ ወንበር ከቴሌቪዥኑ 2 ሜትር ተኩል ይርቅ ነበር። እንግዲያው መጫወቻው 4ኬ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ እንኳ፥ ልጆቹ በጨዋታው ላይ የሚያዩት ልዩነት አልነበረም። በጠረጴዛ ላይ ላለ ኮምፒዩተር ግን ነገሩ የተለየ ነው። ሰው ከሞኒተሩ ፊት የሚቀመጠው ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። ባለ 24 ኢንች ፉል ኤች ዲ በ4 ሲባዛ 96 ነውና፥ በዚያ ቅርበት ነጥቦቹ በጥቂቱ ይታያሉ። ባለ 27 ኢንች ሲሆን ይብሳል። ስለዚህ ባለ 27 ኢንች ለሚገዛ ሰው 1440 ወይም 4ኬ የሚሆነው በእውነት የሚታይ ጥቅም ስላለው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቀንበር ነው። ብርቱ በሬና ደካማ በሬ አንድ ላይ ቢጠመዱ ማረሻው የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው። መጫወቻውና ቴሌቪዥኑም በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ጥንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 የሚያወጣው ሥዕል እስከ 1080 ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ 4ኬ ያወጣል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጨዋታዎች ሥዕሉን ከዝቅተኛ አንሥተው በማሳደግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 4ኬን በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ ለማውጣት ይችላሉ። ታናሹ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ የተሠራው በይበልጥ ለ1440 ነው። ፕሌይስቴሽን 5 በመጀመሪያ 1440 የማያውቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገለት ማሻሻያ ግን ተጨመረለት።

የ1440 ነገር ከተነሣ አንድ ሒሳብ ልጨምር። የ1080 ሥዕል በ4ኬ ገጽ ላይ ሲወጣ አንዱ ነጥብ በትክክል አራት ነጥብ ይሆናል፤ ሁለት ወደ ጎን፥ ሁለት ወደ ታች። በ1440 ገጽ ላይ ሲወጣ ግን አንዱ ነጥብ አንድ ከሢሶ መሆን አለበት። ነጥብ ደግሞ አይሸረፍምና ሥዕሉ በጥቂቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው 1440 ሞኒተር ባይገዛ ይሻለዋል። በኮምፒዩተር የሚጫወት ሰውም ከሞኒተሩ በፊት ግራፊክስ ካርዱን ይጠይቅ። 4ኬ ማለት ለዚያ ካርድ የሚታዘዘው ሥራ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነውና፥ ካርዱ ደካማ የሆነ እንደ ሆነ ጨዋታው እየተንቀረፈፈ ይሄዳል።

በጥንዱ መካከል ያለውን ጠፍርም መርሳት አይገባም፤ ይኸውም ኤች ዲ ኤም አይ የሚባለው ገመድ ነው። 4ኬን በሰከንድ 60 ጊዜ ለማሳለፍ በሰከንድ 18 ጊጋ ቢት የሚሸከም ገመድ ያስፈልጋል። 120 ጊዜ ለማሳለፍ ግን እስከ 48 ጊጋ ቢት የሚሸከመው፥ «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚል ምልክት ያለበት ገመድ ይፈለጋል፤ የቴሌቪዥኑም መሰኪያ ኤች ዲ ኤም አይ 2.1 መሆን አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ፍጥነት ነው፤ የወንድሜም ቤት የወደቀው በዚህ ነው። ሄርትዝ የሚባለው መለኪያ ቴሌቪዥኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሥዕሉን እንደሚለውጥ ይነግረናል። በ60 ሄርትዝ አንዱ ሥዕል የሚቆየው 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በ120 ሄርትዝ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። ነገር ግን ከዚህ የተለየ ሌላ መዘግየት አለ። ቴሌቪዥኑ የተላከለትን ሥዕል ከማሳየቱ በፊት ቀለሙን ሲያሳምርና እንቅስቃሴውን ሲያለሰልስ ጊዜ ይወስዳል። ለፊልም ይህ አይጎዳም። ለጨዋታ ግን ይህ መዘግየት እስከ 100 ሚሊ ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። በ60 ሄርትዝ ሲታሰብ ይህ ስድስት ሥዕል ያህል ነው። ልጁ ቁልፉን ተጭኗል፤ ተጫዋቹ ግን ገና አልመታም። ይህን ለማስወገድ በብዙ ቴሌቪዥኖች ማስተካከያ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚባል ምርጫ አለ። እርሱ ሲበራ ቴሌቪዥኑ ማሳመሩን ትቶ ሥዕሉን ቶሎ ያደርሳል፤ መዘግየቱም አብዛኛውን ጊዜ ወደ 20 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በታች ይወርዳል።

ውድ ወላጆች፤ እኔ ይህን ያነበብሁት ቴሌቪዥኑ ከተሸጠ ከሁለት ወር በኋላ ነው። የገዛው ሰው ቤት ሄጄ ፈቃድ ጠይቄ ማስተካከያውን ብከፍተው፥ ጌም ሞድ የሚለው ቃል እዚያው ተጽፎ አገኘሁት። ባበራሁት ጊዜ ኳሱ መዘግየቱን ተወ። ቴሌቪዥኑ ለቤቱ ያለ ልክ ውድ መሆኑ ባይቀርም፥ ደንበኛውን ያባረረው ግን የእኛ አለማወቅ ነበር። ይህን ለአባቴ በነገርሁት ጊዜ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እንግዲያስ በሬውን ሳትጠምዱት ሸጣችሁታል» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ትርጉሙን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው፤ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁትም ስለዚሁ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ስለ ገጹ ዓይነት ነው። አይ ፒ ኤስ የሚባለው ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ አይለወጥም። ቪ ኤ የሚባለው ጥቁሩ ጥሩ ጥቁር ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን ይነጣል። በጨዋታ ቤት አራትና አምስት ልጆች በአግዳሚ ተደርድረው ስለሚያዩ አይ ፒ ኤስ ይስማማዋል። ለብቻው ከፊት ለፊት ለሚቀመጥ ሰው ግን ቪ ኤ መልካም ነው። ኦሌድ የሚባለው ከሁሉ ያማረ ነው። ሆኖም አንድ የማይንቀሳቀስ ሥዕል ለብዙ ሰዓት በየቀኑ የቆመበት እንደ ሆነ ምልክቱ በገጹ ላይ ሊቀርበት ይችላል። በእግር ኳስ ጨዋታ የግቡ ቁጥርና ሰዓቱ ከጥዋት እስከ ማታ በአንድ ማዕዘን ስለሚቆም፥ ኦሌድ ለጨዋታ ቤት አይመከርም። የቆርቆሮ ቤት በሩ ተከፍቶ ሲዋል ብርሃን ስለሚገባም፥ ገጹን በበሩ ትይዩ አለማድረግ ያለ አንዳች ወጪ ሥዕሉን ያሻሽላል።

አምስተኛው ጥያቄ ስለ መብራትና ስለ መንገድ ነው። ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ከ20 እስከ 30 ዋት ያህል ሲበላ፥ ባለ 55 ኢንች 4ኬ ቴሌቪዥን 100 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል። ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ በጨዋታ ጊዜ ወደ 200 ዋት ይጠጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ከፍና ዝቅ ስለሚል፥ ሁሉን ዕቃ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ መተው ንብረትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ስታቢላይዘር መግዛት ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፥ በደጀን፥ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ አልፎ የሚመጣ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ካርቶኑ እንደ ቆመ ይጫን እንጂ ተጋድሞ ሌላ ጭነት አይደረብበት። ገጹ ቀጭን ነውና ሲጋደም በመሐሉ ይሰነጠቃል።

በመግዣው ቀን የሚደረገውን በአጭሩ ልናገር። መጫወቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ጌም ሞድን አብሩና ቁልፍ እየተጫናችሁ ተመልከቱ። ገጹን በሙሉ ነጭ፥ ከዚያም ጥቁር፥ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርጋችሁ የሞተ ነጥብ እንዳለ ፈልጉ። ከጎን ቆማችሁ እዩ። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ የሄርትዝ ቁጥር የገጹ እውነተኛ ፍጥነት መሆኑን ከመግለጫው አረጋግጡ፤ በማስታወቂያ የሚጠቀሰው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ የገጹ ሳይሆን የማለስለሻው ስም ነውና። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳትቀበሉ አትውጡ።

እንግዲህ ምክሬን ላጠቃልል። ፕሌይስቴሽን 4 ይዞ የጨዋታ ቤት ለሚከፍት ሰው 43 ኢንች የሚያህል፥ ጌም ሞድ ያለው፥ አይ ፒ ኤስ የሆነ ፉል ኤች ዲ ቴሌቪዥን ይበቃዋል። የሚተርፈው ገንዘብ ለስታቢላይዘርና ለሁለተኛ መጫወቻ ይሁነው። ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ቤተ ሰብ ግን ቀረብ ብሎ የሚቀመጥ ከሆነና ዐቅሙ ከፈቀደ፥ ኤች ዲ ኤም አይ 2.1 ያለው 4ኬ ቴሌቪዥን ቢገዛ ገንዘቡ አይባክንም። ኮምፒዩተር ላለው ተማሪ ባለ 27 ኢንች 1440 ሞኒተር ከሁሉ የተመጠነ ነው። በእርሱም ላይ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ጎን ለጎን ዘርግቶ የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርት ለማንበብ ይመቻል። ባለው ቴሌቪዥን ጌም ሞድ አብርቶ ደስ የሚለው ሰው ግን ምንም አይግዛ፤ ከሁሉ የሚረክሰው ምርጫ ይህ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በትምህርት ሰዓት በጨዋታ ቤት የሚገኝ ተማሪ 4ኬ ሥዕል ቢያይም የራሱን ነገ ግን አያይም። ደግሞም እኔ ዛሬ የተናገርሁት ርቀትን፥ ማዕዘንንና ማባዛትን ነው፤ ይህን ሁሉ የተማርነው በዚሁ ትምህርት ቤት ነው። ወንድሜ የማዕዘኑን ትምህርት በ9ኛ ክፍል ተምሮት ነበር፤ ለፈተና እንጂ ለኑሮ የሚሆን መሆኑን ግን ማንም አልነገረው፥ እርሱም አልጠየቀም። ወላጆቻችንም ልጆቻችሁ ገንዘብ ሲጠይቋችሁ፥ በሬውን ከመሸጣችሁ በፊት «ርቀቱን ለካችሁን? ጥንዱን አይታችኋልን? በእጃችሁ ሞክራችሁታልን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ልጅ ገና ለመግዛት አልደረሰም።

በሐሳባችሁ ያለ ለመምረጥና ለማስለካት፥ ክበባችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሩ ክፍት ነው፤ የምንጠይቀውም ዋጋ የለም። ወንድሜም ዛሬ እዚህ በመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ይህን ታሪክ እንድናገር የፈቀደልኝ እርሱ ነው። ሌላ ሰው በእርሱ መንገድ እንዳይሄድ ብሎ ነውና በፊታችሁ አመሰግነዋለሁ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያኑርልን፤ መምህራኖቻችንንና ወላጆቻችንን ይጠብቅልን።